በወረቀት ላይ ያለችው እናቱ

ልጄ ከሶማሊያ ከተመለሰ በኋላ ባዶ አፈር ላይ መራመድ ተወ። የመኪና ጎማ ያለፈበትን ፈለግ ይፈልጋል። ከቤታችን እስከ ገበያው ያለው መንገድ ቀይ አፈር ነው። ሎሪ የሄደበትን መስመር አይቶ እግሩን እዚያ ውስጥ እያስገባ ይሄዳል። ጎማ ያልረገጠው ቦታ ላይ ከደረሰ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቦዳቦዳ ሞተር ሲያልፍለት ያንን ፈለግ ይዞ ይቀጥላል። አስፋልቱ ከናይሮቢ በኩል እየተሠራ ሞያሌ የደረሰ ጊዜ ከከተማው ሰው ሁሉ ይበልጥ የተደሰተው እሱ ነው። አስፋልት በቀላሉ አይቆፈርም። መሀሉን ይዞ ይሄዳል፤ ሾፌሮች ጥሩምባ እየነፉ ይሰድቡታል፤ እሱ ወደ ዳር አይወጣም።

ሰው ሲጠይቀኝ እግሩን ስለሚያመው ነው እል ነበር። እግሩም ያመዋል፣ ውሸት አይደለም። መኪናቸው የተቀበረ ፈንጂ ላይ ወጥታ ከውስጧ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። የእሱ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ብረት ገብቶበታል፤ አንድ ጆሮውም አይሰማም። የኬንያ ጦር ሲያሰናብተው ለእግሩና ለጆሮው አበል ቆርጦለታል። ለሌላው ሕመሙ የተቆረጠ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ሌላው በፋይሉ ላይ አልተጻፈም። የምተርከው ያ ሌላው ሕመም እንዲጻፍለት ለመጠየቅና ላለመጠየቅ ስንማከር ስለከረምንበት አንድ ወር ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሚቱምባ የሚባለውን ልባሽ ልብስ ለሚሸጡ ሴቶች ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ። ሁለት ጊዜ ሳልለካ መቀስ አላነሳም። ጎረቤቶቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ «ያንቺ ሱሪ እስኪያልቅ ባለቤቱ ያረጃል» ይሉኛል።

ነገሩ የተጀመረው በእጄ ነው። አንድ ቀን ከልጄ ጋር ክር ገዝተን ስንመለስ ነዳጅ ማደያው አጠገብ የሎሪ ጎማ ፈነዳ። ድምፁን በደንብ ሳልሰማው መሬት ላይ ነበርኩ። ልጄ ጥሎኝ ከላዬ ተኝቶብኛል፤ በሁለት እጁ ራሴን ሸፍኖ በስዋሂሊ የማላውቀውን ነገር ይጮኻል። ሰዎች ሊያነሱት ሲሞክሩ በክርኑ ይመታቸዋል። ሲረጋጋ ተነሣ፤ እኔን ግን ቀኝ እጄ አላስነሣ አለኝ። ከአንጓው ላይ ተሰብሯል።

ሆስፒታል ስንደርስ ወድቄ ነው አልኩ። ያከመኝ ከታች አገር፣ ከናይሮቢ በኩል፣ የመጣ ወጣት ሐኪም ነበር። እጄን እየጠቀለለ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ የቆመውን ልጄን ያያል። ልጄ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ በሩን ይጠብቃል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ሐኪሙ ወታደር እንደነበር ጠየቀው። ልጄ አዎን አለ። ከዚያ ሌላ ነገር አልጠየቀውም፤ ማክሰኞ ብቻህን ና ብቻ አለው። ልጄ ይሄዳል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ሄደ። በሚቀጥለውም ማክሰኞ ሄደ። በሦስተኛው ሐኪሙ እኔንም አስጠራኝ።

የበሽታው ስም ረጅም የእንግሊዝኛ ስም ነው። ሐኪሙ በስዋሂሊ ሲያስረዳኝ፣ ክፉ ነገር ያየ ሰው ክፉው ነገር ካለፈም በኋላ አካሉ አላለፈም ብሎ ሲቀር የሚመጣ ነው አለ። እብደት እንዳልሆነ ነገረኝ። ልጄ በፋይሉ ላይ ያለው የእግርና የጆሮ ጉዳት ብቻ መሆኑን፣ ይህም በጦሩ ሥራ ላይ ያገኘው ስለሆነ እንደገና እንዲታይለት ማመልከት እንደሚችል ገለጸልን። አበሉ ከፍ ሊል ይችላል። ከአበሉ የሚበልጠው ግን ናይሮቢ በወታደሮች ሆስፒታል ይህንኑ ሕመም ብቻ የሚያክሙ ሰዎች መኖራቸው ነው፤ በፋይሉ ላይ ካልተጻፈ ግን አይቀበሉትም። እኔ መስጠት የምችለው የእንቅልፍ ክኒን ነው አለ፣ በግልጽ። ያችን ቀን አልረሳትም። አንድ ሰው ልጄ ይድናል ለማለት ሲቃረብ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሦስት ነገር ያስፈልጋል አለን። አንደኛው የእሱ ደብዳቤ ነው፤ እሱን እጽፋለሁ አለ፣ ግን በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ቦታ ስለሚዛወር ከዚያ በፊት እንድንጨርስ አሳሰበን። ሁለተኛው ፎርሙ ነው። ሦስተኛው አብሮት የሚኖር ቤተሰብ፣ በፋይሉ ላይ ስሙ ያለ፣ ያየውን ነገር በመንግሥት ሹም ፊት ቀርቦ፣ ኪፓንዴውን አሳይቶ እንዲመሰክር ነው። ኪፓንዴ እዚህ መታወቂያ ነው።

«እናት ከሁሉ ይሻላሉ» አለ ሐኪሙ ወደ እኔ እያየ።

አመስግነነው ወጣን።

እኔ በፋይሉ ላይ የለሁም። በመንግሥት ወረቀት ሁሉ ላይ የልጄ እናት ሌላ ሴት ናት።

እዚህ አገር የመጣነው የኢትዮጵያ ጦር በፈረሰበት ዓመት ነው። ባለቤቴ የዚያ የፈረሰው ጦር ወታደር ነበር። ጓደኞቹ ወደ ስደተኞች ካምፕ ሲጫኑ እኛ ሞያሌ ቀረን፤ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ ከድንበሩ አልርቅም አልኩ። የማውቀው ነገር ከዓይኔ ሲርቅ እፈራለሁ። ልጄን የወለድኩት ኬንያ ምድር ላይ፣ ድንጋይ ቢወረወር ኢትዮጵያ በሚያርፍበት ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሥራ አይበረክትለትም ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል፤ ፊቱ ወደ በሩ ካልሆነ አይቀመጥም፤ ከኋላው የመጣበትን ሰው ይማታል። ቁጡ ሰው አገባሁ እያልኩ ኖርኩ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው በሳንባ በሽታ ሞተ። ሐኪሙ ስለ ልጄ ሲያስረዳኝ እኔ የምሰማው ስለ ባለቤቴ ነበር። እሱማ ልጠይቅ ቢልስ ማንን ይጠይቃል? የታመመለት ጦር ራሱ የለም።

ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ኪፓንዴ ማውጣት ነበረበት። ያለ እሱ ትምህርቱም ሥራውም እዚያው ያበቃል፤ ኬላ በደረሰ ቁጥር ከመኪና ያስወርዱታል። የእኛን የመሰለ ሰው ግን ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ይጣራል። የማን ልጅ ነህ፣ ጎሳህ ምንድን ነው፣ አያትህ ከብት የሚያጠጣው ከየትኛው ጉድጓድ ነበር ይሉታል። ልጄ ለዚህ መልስ የለውም። መልሱን የሰጡን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቦረናዎች ነበሩ፤ ባልየው የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስትየው ልጄን ከራሷ ልጆች ጋር ያሳደገችው ናት፤ እኔ ገበያ ስውል ምሳውን የሚበላው እሷ ዘንድ ነበር። ሽማግሌው አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጠሩኝና፣ የእኛ ልጅ ነው ብለን እናስመዘግበዋለን አሉኝ፤ ለምኜያቸው አይደለም። እሺ አልኩ። እንዲያውም ቶሎ እሺ አልኩ። በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ሳልለካ የቆረጥኩት ያን ብቻ ነው።

ሽማግሌው የአባቶቻቸውን ስም እስከ ሰባት ትውልድ ለልጄ አስጠኑት። በእነሱ ግቢ ሲያስጠኑት እኔ በእኛ ግቢ እየሰፋሁ እሰማ ስለነበር ሰባቱንም እስከ ዛሬ በቃሌ አውቃለሁ። የባለቤቴን አባቶች ከሦስት በላይ አላውቅም። ልጄ በወረቀት አዲስ ስም ወጣለት፣ የእስላም ስም። እኔም አንድ ነገር አስጠናሁት፤ ሰርካሊ ባለበት፣ ማለትም የመንግሥት ሰው ባለበት ቦታ፣ እማዬ እንዳይለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የሞያሌ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለመንገር አፍ የለውም፤ ብዙ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ።

በዚያ ኪፓንዴ ጦር ውስጥ ገባ። ኳስ ሜዳው ላይ ሮጠው ከተመለመሉት አንዱ ነበር። በካምፑ ውስጥ በአዲሱ ስሙ ተጠራ፣ አርብ አርብ ሰገደ፣ ረመዳን ጾመ። ሲቆስል ሁለት ወታደሮች ከቺፉ፣ ከሰፈሩ ሹም፣ ጋር መጡ፤ ወደ እኔ ቤት አይደለም የሄዱት፣ ወደ ጎረቤቴ ነው። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እየሰፋሁ የእሷን ጩኸት ሰማሁ። ከልጆቿ አንዱ የሞተ መስሎኝ ላጽናናት ሮጥኩ። ወታደሮቹ አጠገቧ ቆመዋል። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ በቦረንኛ ጆሮዬ ውስጥ «ያንቺ ነው፣ ግን በሕይወት አለ፣ አታልቅሺ» አለችኝ። ወታደሮቹ እስኪሄዱ እሷ አለቀሰች፣ እኔ አጽናናኋት።

እንግዲህ ሐኪሙ የጠየቀን ምስክር እሷ ነበረች።

ልጄ መጀመሪያ የተማከረው ከእኔ ጋር አይደለም፤ ከጓደኛው ጋር ነው። ይህ ጓደኛው በአንድ መኪና ውስጥ አብሮት የነበረ፣ ጣቶቹን ያጣ ወታደር ነው። አሁን ኡራን በምትባል መንደር ውስጥ ግመሎች አሉት፤ መንግሥት በሰጠው ጠመንጃ የሰፈሩን ውኃና ከብት ከሚጠብቁት አንዱ ነው። በሎሪ ላይ ተጭኖ መጥቶ በራችን ላይ ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሳቁ ትልቅ ነው። ሐኪሙ ያለውን ልጄ ነገረው። ጓደኛው ፎርሙን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

«ይህን እኔም አግኝቼው ነበር» አለ። «አልሞላሁትም።»

«ለምን?»

«እግር ይታያል ወንድሜ፣ ጣት ይቆጠራል። ጭንቅላት በምን ይለካል? ደግሞስ አሞኛል ብዬ ስፈርም መጀመሪያ የሚመጡት ለጠመንጃው ነው። ሽፍታ ሲመጣ ግመሎቼን በወረቀቱ ልጠብቃቸው?»

ልጄ ሳቀ። «ጠመንጃውን የሰጡህም እኮ ጤነኛ መስለሃቸው ነው።»

«እኔማ ሲነጋ ጤነኛ ነኝ» አለ ጓደኛው። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። «ማማ፣ እሱ ይሙላ። እሱ የሚጠብቀው ግመል የለውም። እኔ ብሆን፣ ጠመንጃው ባይኖር፣ እሄድ ነበር።»

ያን ቀን ካፉ የወጣ ቀልድ ያልሆነ ነገር ያ ብቻ ነበር። ጓደኛው ከሄደ በኋላ ልጄ ፎርሙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና «እስቲ አዮን ጠይቂያት» አለኝ። አዮ የቦረና ልጆች እናታቸውን የሚጠሩበት ነው፤ እሱም ጎረቤታችንን ከሕፃንነቱ የሚጠራት እንዲሁ ነው።

ጎረቤቴ ባሏ ከሞቱ በኋላ ሄሉ በሚባለው ሰፈር ታላቅ ልጇ ዘንድ ትኖር ነበር። በቦዳቦዳ ሄድኩ። አርጅታለች፣ ጉልበቷ አላስነሣ ብሏታል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። ሳልጨርስላት እሺ አለችኝ። ታዲያ ምን ልበል አለች። ልጄን ካየችው ረጅም ጊዜ ሆኗታል፤ ስለ ሕመሙ የምታውቀው እግሩን ብቻ ነው።

ስለዚህ አስጠናኋት። ሦስት ቀን ተመላልሼ ሕመሙን አስጠናኋት፤ ባሏ አባቶቻቸውን ለልጄ እንዳስጠኑት። ባዶ አፈር አይረግጥም በይ። ናፍጣ ሲሸተው ያስመልሰዋል። ሥጋ ሲጠበስ ከግቢ ይወጣል፤ ለኢድ ስትጠሩት የሚቀረው ለዚህ ነው። ልብስ ልታሳጥር የመጣችን ሴት ሁሉ ከረጢቷን ይፈትሻል፤ ከዚያ ይቅርታ ይላታል፤ በዚህ የተነሣ ሁለት ደንበኛ ርቆብኛል። ሲጠሩት በማይሰማው ጆሮው በኩል ከሆነ ስሙን ከሩቅ ተናግሮ ነው መቅረብ። እያለቀሰ መሆኑን የማያውቅበት ጊዜ አለ፤ እያወራ እንባው ይወርዳል፣ ፊትህን ጥረግ ሲሉት በእጁ ዳስሶ ይገረማል።

እሷ ዓይኗን ጨፍና ትደግማለች፤ ስትሳሳት አርማታለሁ። የእጄ ጉዳይ ላይ ስንደርስ ዓይኗን ገለጠች።

«ጥሎ እጄን ሰበረኝ ልበል?»

«አዎ፣ ሐኪሙ ከልጄ ሰምቶ ደብዳቤው ላይ ጽፎታል።»

ቀኝ እጇን አውጥታ አገላብጣ አየችው። «የእኔ ደህና ነው። ምን ይሻላል፣ ልስበረው?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ በሳቁ መሀል ማልቀስ ጀመርኩ። የማላለቅስ ሴት ነኝ። የልጄን ሕመም እንዲህ ከላይ እስከ ታች ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ እንደ ልብስ አንድ በአንድ ሳወጣው ነው ብዛቱን ያየሁት። እሷ ጉልበቴን ያዘችኝ። «ለልጅሽ ሕመም እኔ ላልቅስ፣ ለእኔ ተዪው፤ ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ታላቅ ልጇ ቤት ነበር። ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት። ከልጄ ጋር አንድ ሳህን ላይ የበላ ነው። ወንበር አምጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ ነገሩ ገባኝ። እናቱ ስትደግም ሰምቷል። መጀመሪያ ስለ ልጄ ጤና ጠየቀኝ፣ ስለ እጄ ጠየቀኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ከዚያ ሴት ልጁን ለጋብቻ የጠየቁ ሰዎች እንዳሉ ነገረኝ፤ ሽማግሌዎቻቸው በቤተሰቡ ውስጥ የአእምሮ ሕመም አለ ወይ ብለው ሰው እየላኩ መሆኑንም። ልጄ በወረቀት ወንድሙ ነው። እናቱ በሹም ፊት ልጄ አእምሮውን ታሟል ብላ ከፈረመች፣ የታመመው የእነሱ ደም ነው። ሞያሌ ውስጥ ደግሞ በሹም ፊት የተባለ ነገር ማታ ገበያ ላይ ነው።

እብደት አይደለም ብሏል ሐኪሙ አልኩት።

«አውቃለሁ አዮ» አለኝ፤ እኔንም አዮ ይለኛል። «እኔ አውቃለሁ። የሚጠይቁት ሰዎች ግን ሐኪም አይደሉም። አባታችን ስሙን ሰጣችሁ፣ ደግም አደረገ፤ ዛሬም ቢሆን አንወስደውም። ግን ንጹሕ አድርጎ ነው የሰጣችሁ። ይህን አትጻፉበት።»

እናቱ ጮኸችበት፤ እኔ እምላለሁ፣ ማን ይከለክለኛል አለች። እሱ ወደ እኔ ብቻ ነበር የሚያየው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያለው ነገር ልክ ነበር። እኔ ሴት ልጅ ብትኖረኝ፣ እንዲህ ብትጠየቅብኝ፣ ምን አደርግ ነበር? የእሱን አደርግ ነበር። ተነሥቼ እጁን ጨበጥኩት በግራ እጄ፣ እሷን ሳምኳት፣ ወጣሁ። እናንተ ሳትኖሩ ልጄ ወረቀት አይኖረውም ነበር፣ ይህን አልረሳም አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አልጠየቅኳትም፤ እሷም እንዳልጠይቃት ፈልጋ ይመስለኛል ለብዙ ጊዜ ሰው አልላከችብኝም።

ሐኪሙ ሊሄድ አንድ ሳምንት ቀረው። ቤት ገብቼ ለልጄ የሆነውን ነገርኩት። የሰማ አልመሰለም። ዚፕ እየፈታልኝ ነበር፤ እጄ ከተሰበረ ወዲህ ክር የሚመዝልኝ እሱ ነው፤ ጣቶቹ እንደ ሴት ጣት ቀስ ይላሉ። እኔም ሳስበው የመጣሁትን ተናገርኩ። እኔው እሄዳለሁ አልኩት። እናቱ ነኝ እላቸዋለሁ። ያኔ የተመዘገበው ስህተት ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ እሱ ልጅ ነበር እላለሁ።

የእኔ መታወቂያ የወዲያ ማዶ የቀበሌ መታወቂያ ነው። እሱን አውጥቼ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ምን እንደሚከተል አላጣሁትም። የልጄ ኪፓንዴ በውሸት የወጣ ይሆናል። በውሸት ኪፓንዴ የገባበት ጦር፣ በዚያ ጦር የተቆረጠለት አበል፣ ሁሉም ይጠየቃል። የሽማግሌው ቃልም ውሸት ሊባል ነው፣ በሞቱበት። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። ግን የሐኪሙን ድምፅም እያሰብኩ ነበር፤ ናይሮቢ የሚያክሙ ሰዎች አሉ ያለውን። ምናልባት ደግ ሹም ይገጥመን ይሆናል አልኩ። ምናልባት ገጹን ሳያነብ ማኅተም የሚመታ ሹም።

ልጄ ዚፑን ከፈታ በኋላ «ሰኞ እንሂድ» አለ። እኔ ወሰነ ብዬ ተቀበልኩ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ተለማመድኩ። የገበያ ስዋሂሊ እችላለሁ፣ የቢሮ ስዋሂሊ ግን ያስፈራኛል። «ሚሚ ኒ ማማ ያኬ»፤ እናቱ ነኝ ማለት ነው። አጭር ናት። ቀጥሎ የምለውን ሁሉ ባበላሸው እንኳ ይህችን ሳልንተባተብ ልበላት ብዬ ደጋገምኳት። ሰኞ ጠዋት ደህና ቀሚሴን ለበስኩ። የቀበሌ መታወቂያዬን በመሐረብ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ አደረግሁ። ልጄ ሸሚዙን ተኩሶ ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ይዟል። አስፋልቱ ላይ አብረን ሄድን፤ እሱ መሀሉን ይዞ፣ እኔ መኪና እንዳይገጨው እያየሁ።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ሴት ናት። ወጣት ናት፣ ፊቷ ጥሩ ነው፣ የልጄን አካሄድ አይታ ወንበር ሰጠችው። ደብዳቤውን አንብባ ራሷን ነቀነቀች። ወንድሟም ሶማሊያ እንደሄደ ነገረችን። ይህን ስትል ያ ደግ ሹም ይህች ናት አልኩ። ፎርሙን ገልጣ ፋይሉ ላይ ካለው ጋር አስተያየችው።

«እናቱ የት አሉ?» አለች።

«አሟታል» አለ ልጄ።

ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ? ለእሱ ምኑ ነዎት?»

ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር። እጄን ወደ ደረቴ አስገብቼ መሐረቡን ነካሁት። በሩ ላይ ቺፉ ገብቶ ከዘበኛው ጋር ሲያወራ አየሁ፤ ሌላ አዲስ ሰው ነው እንጂ ያኔ ወታደሮቹን ይዞ የመጣው አይደለም፣ የሚያውቀኝም አይመስለኝም። ልጄን አየሁት። እሱ መሬቱን ያያል። ከሃያ ዓመት በላይ በየኬላው፣ በየቢሮው የጠበቅኩት ጥንቃቄ ሁሉ አንድ ላይ ተነሣብኝ።

«ጎረቤቱ ነኝ» አልኩ።

ሴትየዋ አዘነች። ጎረቤት መፈረም እንደማይችል፣ ሕጉ እንደዚያ ስለሆነ ከእሷ አቅም በላይ መሆኑን ነገረችን። እናቱ ሲሻላቸው ይምጡ፣ ካልቻሉም አድራሻቸውን ስጡኝና እኔ ራሴ ያሉበት ድረስ እሄዳለሁ አለች። ልጄ አመሰገናት። እስኪሻላት እንጠብቃለን አላት። ወረቀቶቹን በፕላስቲኩ መለሰ።

ውጪ ስንወጣ ፀሐዩ ከረር ብሏል። አስፋልቱ ሳንደርስ ቆሜ ይቅርታ ልለው ፈለግሁ። ቀድሞኝ እሱ ቆመ።

«ደግ አደረግሽ» አለኝ።

«ምኑ ነው ደጉ?»

«እናቱ ነኝ ብትይ ኖሮ አላውቃትም እል ነበር።» ድምፁ አልተለወጠም። «ወስኜ ነው የመጣሁት። አሮጊቷ አታውቅም፣ ትዘባርቃለች እል ነበር።»

ለምን መጣን ታዲያ አልኩት።

«እንድትሞክሪ ፈልጌ» አለ። «ካልሞከርሽ እስከ ሞትሽ ድረስ እንዲህ ባደርግ እያልሽ ነው የምትኖሪው። እኔ አውቅሻለሁ።» ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቆመ። «እማዬ፣ እግሬን የሰጠሁት ለዚች ወረቀት ነው። ወረቀቷን ከወሰዱብኝ እግሬም የትም አልሄደም፣ ለማንም አልሆነም። ያችን አልሰጣቸውም።»

አደባባይ ላይ እማዬ ሲለኝ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አላውቅም። የመጀመሪያው ስሜቴ ምን እንደነበር መናገር አለብኝ፤ ሳልናገር ባልፍ ይሻላል፣ ግን አልችልም። ደስ አለኝ። ወረቀቱ አልተነካም፣ ማንም አይጠየቅም፣ ሁሉም እንደነበረ ነው ብሎ ልቤ አረፈ። ሐዘኑ የመጣው ቤት ገብቼ ቀሚሴን ሳወልቅ ነው። መሐረቡ ከነመታወቂያው በላብ ረጥቦ ነበር። ልጄ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሬቱን ሲያይ ምን እየጠበቀ እንደነበር ያኔ ነው ያሰብኩት። ሊክደኝ ወስኖ መጣ፤ እኔ ግን ቀደምኩት።

ሐኪሙ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ተዛወረ። ሊሰናበተን ቤታችን ድረስ መጥቶ ፎርሙን ላካችሁት ወይ ሲል ልጄ ላክነው አለው። ሐኪሙ ደስ ብሎት ሄደ። በእሱ ቦታ የመጣችው ሐኪም ክኒኑን ትሰጠዋለች፤ ሌላ ነገር አትጠይቀውም፣ ወረፋው ረጅም ነው። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ አገባች፤ ለሠርጓ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጄ ሥጋ ስለሚጠበስ አልመጣም።

ስለ ፎርሙ እሱ አንሥቶ አያውቅም፣ እኔም አላነሣሁበትም። እጄ ድኗል፤ ሲበርድ ብቻ ያመኛል። አንዳንድ ቀን ብቻዬን መኪናዬን እየረገጥኩ ያችን የስዋሂሊ ዐረፍተ ነገር እላታለሁ። አንድም ጊዜ አልተንተባተብኩባትም።